«ወፍ የለም» ያለው ዘበኛ

አንድ ተራ ቀን ጋሽ ይጣራን ብዙ ያስከፍላቸዋል፤ ጠዋት ዓይናቸውን፣ ከሰዓት ጉልበታቸውን፣ ማታ ደግሞ የልጃቸውን ትዕግሥት። ዓይናቸው የሚያልቀው ስለ ወፍ የተጻፈ የመጽሔት ጽሑፍ ላይ አጉሊ መነጽር ይዘው ሲያቀረቅሩ ነው። ጉልበታቸው የሚያልቀው የተጻፈው እውነት መሆኑን ለማየት ከሰፈራቸው ዳር እስካለው ረግረግ ሲመላለሱ። ልጃቸውማ ራት በቀረበ ቁጥር «ይቺን ስሚማ! ይሄ ሰውዬ ወፏን በዓይኑ አላያትም» መባል ሰልችቷታል።

የሥነ ሕይወት አስተማሪ ነበሩ። ተማሪ መልስ በሰጠ ቁጥር «ይጣራ!» ስለሚሉ ስሙ ጡረታ ከወጡም በኋላ አልለቀቃቸውም። የወፍ ፎቶ ሲያዩ አስቀድመው የሚመረምሩት ወፏ የቆመችበትን ቅርንጫፍ ነው። አንዴ የበረሃ ወፍ ለምለም ቅጠል ላይ ቆማ ቢያገኟት ያን ሰሞን ሁሉ ሻይ እንኳ አልወርድ ብሏቸው ነበር።

ያለፈው ወር እትም ግን የባሰ ይዞ መጣ። «ረግረጉ ባዶ ሆኗል» ይላል ርዕሱ። በቄጠማው ውስጥ የምትኖረው ባለ ቀይ ምንቃር የውሃ ዶሮ ከነዘሯ ጠፍታለችና ቦታውን ደልድለው የጭነት መኪና ማቆሚያ ቢያደርጉት ጉዳት የለውም ይላል ጽሑፉ።

«እዚህ ነገር ውስጥ የሰው እጅ አለበት» አሉ።

«አባዬ ደግሞ! ተሳስቶ ቢሆንስ?»

«የተሳሳተ ሰው የመኪና ማቆሚያ አያስብም፣ ልጄ። እኔ ጫጩቶቿን ያየሁት በቀደም ነው!»

ከሁሉ የከነከናቸው አንድ መስመር ነው፤ «የቦታው ዘበኛም ወፍ እንደሌለ አረጋግጦልናል።» ዘበኛውን ያውቁታል። በረግረጉ አጥር ቀዳዳ ሲያጮልቁ ወንበሩን የሚያውሳቸው እሱ ነው። እሱንም ገዙት ማለት ነው? ሲብሰለሰሉ ከርመው በሩ ላይ ደረሱ።

«ስንት ሰጡህ?» አሉት፣ ሰላምታ የለ ምን የለ።

«ለምኑ፣ መምህር?»

«ወፍ የለም ላልክበት!»

ዘበኛው ጭንቅላቱን አከከ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «ውይ፣ ያ ባለ ካሜራው! ያለ ፈቃድ ልግባ ብሎ ችክ አለብኛ። ‹ለትንሽ ደቂቃ እንኳ አታስገባኝም?› ሲለኝ፣ ‹ወፍ የለም!› አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። እኔማ ተከልክሎ ደስ የሚለው ሰው ዛሬ ገና አየሁ ብዬ ነበር!»

ጋሽ ይጣራም ሳቁ። ሳቃቸው ግን ሳያልቅ ፊታቸው ተኮሳተረ። «ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን አባባል እሱ ብቻ ሳያውቀው ቀረ? ይጣራ!»

በቀጥታ ወደ መጽሔቱ ቢሮ ሄዱ። አዘጋጁ በትሕትና አስቀምጦ ሰማቸውና፣ «እርስዎ አየሁ ይላሉ፣ ጸሐፊያችን የለም ይላል። የዘንድሮ ፎቶ ያምጡልኝ፣ ማስተባበያ አወጣለሁ» አላቸው። የእሳቸው ስልክ ደግሞ ቄጠማ እንጂ ወፍ አንስቶ አያውቅም። ሰው ሲጠራጠራቸው እንዲህ እንደሚያም የዚያን ቀን ገባቸው። ቢሆንም አዘጋጁን አልተቀየሙትም፤ በእሱ ቦታ ቢሆኑ እሳቸውም የሚሉት ይህንኑ ነበር።

ጽሑፉ እንደሚለው ድልደላው ክረምቱ እንደወጣ ይጀመራል። ስለዚህ መስኮታችሁ ወደ ረግረጉ የሚዞር፣ ልጅ ይዛችሁ በዚያ የምታልፉ ሁሉ፣ ጋሽ ይጣራ አንድ ነገር ይለምኗችኋል፤ ዘንድሮ የውሃ ዶሮዋን ያነሳ ሰው ካለ ፎቶውን ለዘበኛው ያድርስላቸው። መቼና ከየት ሆናችሁ እንዳነሳችሁት ደጋግመው ቢጠይቋችሁም እባካችሁ አትቀየሟቸው።