ከእጅ መብላት የለመደው ውሻ

አባባ ቁልፉ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበሩ። የቁልፍ ዘለላ ከወገባቸው ስለማይለይ ልጆች ያወጡላቸው ስም እንደወጣ ቀረ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከበሩ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

እኔ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነኝ፤ ቆንጣጭ ነበርኩ። ምን ልዋሽ፣ ትንንሾቹ ሲያለቅሱ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ «ይቺ ልጅ በማን ወጣች?» እያለች ትማረራለች።

አንድ ቀን ጀርባውን የፈላ ውሃ የላጠው ግራጫ ውሻ መጥቶ በሩ ሥር ተኛ። አመዶ አልነው። ሰው እጁን ካነሳ ይሸሻል፤ ዳቦ ቢጣልለት እንኳ ሁላችንም ካልራቅን አይነካውም። አባባ ከዚያ ሁሉ ልጅ እኔን መርጠው ጠሩኝ። ለምን እንደሆነ አልጠፋኝም።

«ቁጭ በይ። ዳቦውን መዳፍሽ ላይ አድርገሽ ዘርጊ። አትጥሪው፣ አትቸኩዪ። ራሱ ይምጣ።»

«ቢነክሰኝስ አባባ?»

«አንቺ ስንቱን ቆንጥጠሻል! እሱ አንዴ ቢነክስሽ ምን ይገርማል?» ብለው ሳቁብኝ።

በየእረፍቱ ተቀመጥኩ። እግሬ ደነዘዘ፤ ጓደኞቼ «የውሻ ሞግዚት» ብለው አላገጡብኝ። በሦስተኛው ሳምንት አመዶ እየተሳበ መጣና ዳቦውን ከመዳፌ ላይ በላ። ትንፋሹ ሲሞቀኝ አለቀስኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ መቆንጠጥ አስጠላኝ። ወር ሳይሞላ መላው ትምህርት ቤት በእጁ ያጎርሰው ጀመር፤ አመዶም የተዘረጋ መዳፍ ካየ ጅራቱን እየቆላ የሚሮጥ ሆነ።

ከዚያ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመርዝ እንደሚጠፉ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። አባባ አመዶን ግቢ አስገብተው በሩን ቆለፉ። «ግቢ ውስጥ ያለ ውሻ ማን ይነካዋል?» አሉን፤ እኛም አምነን ወደየቤታችን ሄድን።

በማግስቱ ጠዋት እሳቸው ጓሮ ችግኝ ሲያጠጡ መርዝ የሚያበሉት ሰዎች ደረሱ። አንደኛው በበሩ ፍርግርግ እጁን አሾልኮ ሥጋ ዘረጋለት። አባባ እየጮኹ ሮጠው ሲመጡ አመዶ ሥጋውን ጨርሶ የሰውየውን መዳፍ እየላሰ ነበር። ያንን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

እኛ ስንደርስ አመዶን በካፖርታቸው ሸፍነውታል።

«ከሰዎቹ እጅ ነው የበላው?» አልኳቸው።

ሊዋሹኝ ይችሉ ነበር። «አዎ፣ ልጄ» አሉ።

«እኔ ነኝ ያስለመድኩት።»

«አንቺማ የታዘዝሽውን ነው ያደረግሽው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከወር በኋላ አንዲት ከሲታ ቡችላ በሩ ላይ ብቅ አለች። ዳቦዬን ቆርሼ ቁጭ ከማለቴ አባባ ጮኹባት፤ ድንጋይ አንስተውም ከአጠገቧ ወረወሩ። እያለቃቀሰች ሸሸች። እሳቸው በእንስሳ ላይ እጃቸውን ሲያነሱ አይተን አናውቅም ነበር።

«ምን አደረገችዎት?» ብዬ ጮኽኩባቸው፤ ታላቅ መሆናቸውንም ረሳሁ።

«ትፍራ፣ ልጄ» አሉኝ፣ እንባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ። «ሰውን ትፍራና ትኑር።»

ቁራሹን ዳቦ እንደያዝኩ ወደ ክፍል ገባሁ።