ወደ አዴ ጫልቱ ምንጭ

ረቡዕ፣ ጥር 1988 ዓ.ም.
ንጋት፣ መካኒሳ አቦ

ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልሜ ወጣሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የመጨረሻዋን ልጄን ከዳርኩ ገና ሳምንት አልሞላኝም። አባቷ ካረፈ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሥራዬ ታሪክ ማጥናት ነው፤ በከተማው ዳርቻ የነበረው ጫካና ውሃ ምን እንደሆነ፣ ሰዉስ እንዴት ይኖር እንደነበር አረጋውያንን እየጠየቅኩ በቴፕ እቀዳለሁ። ዛሬ እረፍት ነበረኝ። ቤቱ ጭር ቢልብኝ ቴፔን ይዤ ወጣሁ፤ ማታ መመለሱን ግን ከአሁኑ ፈርቼዋለሁ።

ሚኒባስ ውስጥ

ቴፑን ታቅፌ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ዘፈን ይልቀቁልን እንጂ!» አለኝ ሾፌሩ።

«ያለው የሽማግሌ ወሬ ነው።»

«እሱስ ይቅርብኝ፤ ቤቴ አማቴ አሉ።»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መንገዱ ሲያልቅ ወርጄ በእግሬ ቀጠልኩ።

ረፋድ፣ ለቡ

የጤፍ ጭድ ክምር፣ አቧራ፣ በመስመር የቆመ ባሕር ዛፍ። ትናንት እመጣለሁ ብዬ የላክሁባቸው አዴ ጫልቱ በራቸው ላይ ጠበቁኝ። ለባለመሬቱ እንጨት እየተሸከሙ ያደጉ አሮጊት ናቸው። በከዘራቸው እያመለከቱ መሩኝ።

«እዚህ ጥድ ነበረ። እዚያ ወይራ። ጌታው አስቆርጦ ባሕር ዛፍ አስተከለን።»

«ምንጩስ?»

ደረቅ ጉድጓድ አጠገብ ቆሙ። «ባሕር ዛፉ ጠጣው። ልጆቼን ያጠብኩት በዚህ ውሃ ነው።»

«ልጆችዎ የት ናቸው?»

«ውሃው ሄደ፣ እነሱም ሄዱ።»

ቴፑ ይዞራል።

ምሳ

ቤታቸው ገባን። ጾም ነውና ሽሮ አቀረቡ። ጥቂት ቀምሼ እጄን ሰበሰብኩ።

«አዴ፣ ጠገብኩ።»

«ምኑን በላሽና? እኔ ብቻዬን ሲሆን አይወርድልኝም። ብይ!»

አጎረሱኝ። እኔም አጎረስኳቸው።

ማታ፣ ቤት

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ገባሁ። «መጣሽ?» የሚለኝ የለም። መብራት አብርቼ፣ የአዴን ቃል ልጽፍ ቴፑን ከፈትኩ። ጥዱ፣ ወይራው፣ ምንጩ። ከዚያ የሳህን ኮሽታ ተሰማ፤ ምሳ ላይ ማጥፋቱን ረስቼ ኖሯል። ሌላ ቀን ቢሆን አሳልፈዋለሁ፤ በጥናታችን ውስጥ ምሳ አይጻፍም።

ቴፑን አቆምኩ። ራቴን አምጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩና መልሼ ከፈትኩት።

«እኔ ብቻዬን ሲሆን አይወርድልኝም። ብይ!»

አማትቤ ቆረስኩ።