ዕጢው በሦስት ቀዳዳ ወጣ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! መድረክ የሚመራው ወንድማችን «እህቴ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎኛል። ጌታ ያደረገልኝ ግን በአምስት ደቂቃ አያልቅም! ትታገሡኛላችሁ፤ ሳልናገር ብቀመጥ ደረቴ የሚፈነዳ ነው የሚመስለኝ።

ዘነቡ እባላለሁ። የአምባሰል ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት ነው፤ ታላቅ ወንድሜም መሪጌታ ነው፣ ዜማ ያስተምራል። እኔ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ዓሣ እየጠበስኩ ነው የኖርኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ የማገዶ ጭስ ላይ!

ጦርነቱ ሲመጣ እናቴን ደግፌ ከሕዝቡ ጋር በእግር ወጣሁ። ኮምቦልቻን እንዳለፍን ደከመች። «ትንሽ ልረፍ» ብላ ከማናውቀው ሰው ማሳ ዳር ጋደም አለች፤ እዚያው ቀረች። የቀበሩልኝ ስማቸውን እንኳ ያልጠየቅኳቸው ሰዎች ናቸው። ያን ቀን ወደ ሰማይ ቀና ብዬ «ከዛሬ ጀምሮ አላናግርህም» አልኩ። እግዚአብሔርን ነው! ከጎረቤት ጋር እንደሚኳረፉት አኮረፍኩት። ወደ ሐይቅ ተመልሼ ምድጃዬን እንደገና ስሠራ አላናገርኩትም። ሳል ሲጀምረኝም አላናገርኩትም።

ሳሉ አልለቅ አለኝ። «ጭሱ ነው» እያልኩ ወራት አለፉ። አንድ ቀን ደንበኛ ፊት ሳስል መሀረቤ ላይ ደም አየሁ። ደሴ ሄጄ ኤክስሬይ ተነሣሁ፤ እነሱም ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ። ጋሼ፣ ወንድሜን እንዲያ ነው የምጠራው፣ ተማሪዎቹን ትቶ አብሮኝ ሄደ። ሲቲ ስካን ታየሁ፣ ናሙና ሰጠሁ። ከዚያ ሐኪሙ ወረቀት ይዞ መጣ።

«እናቴ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«እኔ? የምድጃ ጭስ እንጂ!»

እሱ አልሳቀም። «ቀኝ ሳንባዎ ላይ ካንሰር አለ። ደግነቱ አልተሠራጨም፤ በቀዶ ጥገና ሊወጣ ይችላል» አለኝ።

«እንዴት አድርጋችሁ?» ብሎ የጠየቀው ጋሼ ነው።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ቀስ ብሎ አስረዳን። «አንደኛው የቆየው መንገድ ነው፤ ጎናቸውን ቆርጠን፣ የጎድን አጥንታቸውን ከፈት አድርገን እንገባለን። ሌላው በካሜራ ነው። ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ከፍተን፣ በአንዷ ካሜራ፣ በቀሩት መሣሪያ አስገብተን፣ በቴሌቪዥን እያየን የታመመውን የሳንባ ክፍል እናወጣለን። ሕመሙ ያንሳል፣ ቶሎ ይነሣሉ። በሮቦት ክንድ የሚሠሩም አገሮች አሉ፤ እኛ ጋ የለም።»

«ሮቦቱ ቢኖር ይሻላት ነበር?» አለ ጋሼ።

«አባቴ፣ በቀዳዳ የመግባቱ ነገር አንድ ነው። ዋናው ሐኪሙ በደንብ የለመደው መሆኑ ነው፤ እኔ ካሜራውን ለምጄዋለሁ። የሳቸው ዕጢ ትንሽ ነው፣ ዳር ላይም ነው፣ ይመቻል። ግን አልዋሻችሁም፤ ደም ካስቸገረን እዚያው ወደ መክፈቱ እንዞራለን።»

ፈራሁ፣ ወገኖቼ! አጥንቴን እንደ ዓሣ ሲገነጥሉት ነው የታየኝ።

ለቀዶ ጥገናው ሆስፒታል ስተኛ፣ ከጎኔ ባለው አልጋ አስቴር የምትባል የወለጋ ሴት ተኝታ ነበር። የሷ ዕጢ ትልቅ ነበር፣ ከደም ሥር ጋርም ተጣብቆ ነበር፤ ስለዚህ በካሜራ አልሆነላትም፣ ጎኗን ከፍተው ነው ያወጡላት። ስታስል ትራስ ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። እንደዚያ ሆና «እህቴ፣ ልጸልይልሽ?» አለችኝ።

«ይቅርብኝ፣ ተኳርፈናል» አልኳት።

«ማን ከማን?»

«እኔ ከእግዚአብሔር።»

ሳቅ አፈናት! ትራሷን እቅፍ አድርጋ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «አታስቂኝ እባክሽ፣ ስፌቴ ይፈታል!» አለች። ከዚያ እንባዋን ጠራረገችና «ታዲያ ያስከፋሽን ነገር ለራሱ ለምን አትነግሪውም? የሱስ እኮ ያለቀሱትን ሰዎች አልተቆጣም» አለችኝ።

ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ነገርኩት። አድንኝ አላልኩትም፤ «እናቴን ለምን መንገድ ላይ?» ነው ያልኩት። የማሳውን ዳር፣ የነጠላዋን ጫፍ፣ ሁሉንም ነገርኩት። አለቀስኩ፣ አለቀስኩ፣ ከዚያ ውስጤ ጸጥ አለ። መልስ አልሰማሁም፤ ግን ብቻዬን እንዳልሆንኩ አወቅሁ። ሃሌሉያ! አስቴር እጇን ዘርግታ እጄን ያዘች፤ ስትጸልይ እየደገምኩ ተከተልኳት፣ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ። አሜን በሉ እንጂ!

በማግስቱ ማደንዘዣ ሰጡኝ። ስነቃ መጀመሪያ ያደረግሁት ጎኔን መዳሰስ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትንንሽ ፋሻ! ከአንዷ ቀጭን ቱቦ ወጥቷል፣ ሌላ የለም! ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ «ሳንከፍት ጨረስን፣ ሁሉም ወጥቷል» አለኝ። ክብር ለስሙ! ጋሼ በር ላይ ዳዊቱን እንደያዘ ቆሟል፤ እኔ እስክወጣ ሲደግም ነው የቆየው።

ጌታን መቀበሌን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «አልወደድኩትም፣ ዘነቡ። ግን እግዚአብሔርን ማናገር በመጀመርሽ አልቆጣም» አለኝ። እስካሁን በዓል ሲመጣ እንጠያየቃለን።

እኔ በቀናት ውስጥ ከሆስፒታል ወጣሁ። አስቴር ብዙ ሰነበተች፤ እሷም ዛሬ ደህና ናት፣ በስልክ ስንገናኝ አሁን እንደ ልቧ ነው የምትስቀው። ባለፈው ምርመራዬም ሳንባዬ ንጹሕ ነው ተብያለሁ፤ የሚቀጥለውም ቀጠሮ አያመልጠኝም። ጌታ በጸሎትም፣ በሐኪም እጅም ይሠራል፤ ሁለቱንም አይቻለሁ!

አሁን ልቀመጥ ነው። ከመካከላችሁ ሳሉን የደበቀ፣ ኤክስሬዩን ፍራሽ ሥር የሸሸገ ሰው ካለ፣ ጌታን እመኑት፤ ምርመራውንም አትፍሩ። ነገ ጠዋት መናኸሪያ ኑ። የደሴው ሚኒባስ ውስጥ ከጎናችሁ እኔ እቀመጣለሁ።