የበገናው ካሴትና ሁለቱ ስፒከሮች

ታክሲ ውስጥ ከወንበሬ ሥር የስፒከሩ ቤዝ፣ ያ ወፍራም ድምፅ፣ ሲደልቅ አጥንቴ ድረስ ይሰማኛል። ሌላው ተሳፋሪ ራሱን ይወዘውዛል፤ እኔ አፍራለሁ። 18 ማዞሪያ የነበረችው ጠባብ ሱቅ ትመጣብኛለች፤ የአዲስ ካርቶን ሽታዋ፣ በበሯ የምትገባው የከሰዓት ፀሐይ፣ ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠው አባቴ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የአባቴ ታላቅ ወንድም በሞተ በዓመቱ፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ አባቴ ስፒከር ካልገዛሁ አለ። ወንድሙ በገና እየደረደረ የቀዳለት አንድ ካሴት ነበረው፤ በአሮጌው ቴፓችን ሲከፍተው ግጥሙ አይለይም። የፈለገው የወንድሙን ቃል ጥርት አድርጎ መስማት ብቻ ነበር።

ባለሱቁ ሁለት ስፒከር አቀረበልን፤ አንዱ ትንሽ፣ ሌላው እስከ ወገቤ የሚደርስ። እኔ ትልቁን ገና ሳየው ወደድኩት። ጓደኞቼ ቤት መጥተው ሲቀኑብኝ ታየኝ።

አባቴ ግን የራሱ ፈሊጥ ነበረው። ዱካ አስመጥቶ ተቀመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልሽ አሰሚኝ፤ የቱ እንደሆነ እንዳትነግሪኝ» አለኝ። «ድምፃቸውን ደግሞ እኩል አድርጊው የኔ ልጅ። ከፍ ያለው ሁሌ የተሻለ ይመስላል።»

«አባባ፣ ዞር ብለው ቢያዩት አይሻልም?» አለ ባለሱቁ እየሳቀ።

«በዓይኔ አልሰማም ልጄ።»

ከቤት ይዘነው የመጣነውን ካሴት ከፈትኩ። በትንሹ ስፒከር የአጎቴ ቃል አንድ በአንድ ይለይ ነበር፤ አልዋሽም፣ ሰምቼዋለሁ። የትልቁ ተራ ሲደርስ ግን ጣቴ የድምፁን መጨመሪያ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣ አዞረው። ባለሱቁ አይቶኝ በዓይኑ ጠቀሰኝ። አባቴ ራሱን ነቀነቀና «ሁለተኛው» አለ።

ያ ትልቅ ሳጥን ጠባቧን ሳሎናችንን በጉምጉምታ ሞላት። የበገናው ድምፅ ግጥሙን ዋጠው። አባቴ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ «እዚህ ጋ ምንድነው ያለው?» ይለኛል። ለእኔም አይለየኝም ነበር።

አንድ እሑድ ካሴቱን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«ስፒከሩስ ጥሩ ነው፤ ራሴ ነኝ የመረጥኩት» አለ። «ጆሮዬ ነው የከዳኝ። አረጀሁ መሰለኝ።»

ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልነገርኩትም። ከዚያ በኋላ ሰው ሲያናግረው «ጮክ በሉልኝ፣ ደህና አልሰማም» ማለት ለመደ። እኔን ግን እስኪሞት ድረስ፣ በር ሳላንኳኳ፣ በኮቴዬ ይለየኝ ነበር።