ሳቂታ ለእህቷ የነገረቻት

የሥራ ባልደረቦቿ «ሳቂታ» ይሏታል። ከሚሠሩበት መጠጥ ቤት ጀርባ ካሉት አምስት ክፍሎች የመጨረሻዋ የእሷ ናት፤ ወንዶች ለገላዋ ከፍለው የሚገቡት እዚያ ነው። የመጣባትን ሁሉ በሳቅ የምታሳልፍ ሴት ነበረች። ያን ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳ ግን ሳቋ ጠፋ።

የሄደችው ለኤችአይቪ ምርመራ ነው። ነርሷ «ከእሱ ነጻ ነሽ» ስትላት እፎይ ልትል ስትል፣ ለካ ወሬው አላለቀም።

«የጉበት ቫይረስ ግን ተገኝቶብሻል። ሄፓታይተስ ቢ ነው።»

«እንዴት ሆኖ? ዓይኔ ቢጫ አልሆነ፣ አላመመኝ።»

«ብዙ ሰው ሳያመው ለዓመታት ተሸክሞት ይኖራል። ኮንዶም ተቀዶብሽ ያውቃል? ያለ ኮንዶምስ? ከጓደኞችሽ ጋር ምላጭ ትዋዋሳላችሁ?»

ሳቂታ ሦስቱንም አልካደችም።

«አብሮሽ የሚኖር ሰውስ አለ?»

አለ እንጂ። ታናሽ እህቷ፣ ያውም የሰባት ወር ነፍሰ ጡር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት ሳቂታ ናት። እህትየው ግን ሳቂታ ሆቴል ውስጥ ልብስ የምታጥብ ነው የሚመስላት። ከመጠጥ ቤቱ ርቀው የተከራዩት ክፍል አንድ፣ አልጋቸው አንድ፣ ምላጫቸውም አንድ።

«አምጫት» አለች ነርሷ። «ይዟት ከሆነ በወሊድ ጊዜ ወደ ልጁ ሊተላለፍ ይችላል። ቀድመን ካወቅን ግን ልጁን እንደተወለደ እንከትበዋለን።»

ሁለት ቀን እህል አልወርድ አላት። ምላጩን ጣለች፤ የጥርስ ብሩሿን ደበቀች። ነርሷ በብርጭቆ አይተላለፍም ብትላትም ብርጭቆዋን ለየች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እህቷ አላስችል አላት።

«እትዬ፣ ምን ሆነሻል? ተጸየፍሽኝ እንዴ?»

ሳቂታ መሬት መሬቱን እያየች ሁሉንም ዘረገፈችው፤ በሽታውንም፣ ሥራዋንም። እህቷ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ፊቷን አዞረች። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

«ልብስ ልቀይርና እንሂድ» አለች በመጨረሻ። «ስለ ሥራሽ ሌላ ጊዜ እናወራለን።»

ጤና ጣቢያ እስኪደርሱ እህቷ ከፊት ከፊት ሄደች። እህቷ ደም ሰጥታ ሲጠብቁ ሳቂታ ጥፍሯን እስኪደማ በላችው። ነርሷ ብቅ ስትል ብድግ አለች።

«የእህትሽ ነጻ ነው። ክትባቱን ዛሬውኑ እንጀምርላታለን።»

ሳቂታ ግድግዳውን ተደግፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የራሷ ግን ገና ነው፤ ቫይረሱ ለቋት እንደሆነ ወይም ሥር ሰድዶባት እንደሆነ የሚለየው ከስድስት ወር በኋላ ደሟ እንደገና ሲታይ ነው። እህቷ የቀጠሮውን ወረቀት ተቀብላ አነበበችው።

«ያኔ ልጁ አራት ወር ይሆነዋል። ታቅፌው አብሬሽ እመጣለሁ።»

ስለ ሥራዋ ያን ቀንም በማግስቱም አላነሳችባትም። ሳቂታ ግን እህቷ ጉሮሮዋን በጠራረገች ቁጥር አሁን ልትጠይቀኝ ነው እያለች ትደነግጣለች።