ጎል የተከለከለበት ክረምት

ልጅ እያለሁ ክረምት ለትልልቅ ሰዎች የዝናብና የጉንፋን ወቅት ነበር፤ ለእኛ ለጉለሌ ልጆች ግን የኳስ ወቅት ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ጭቃ እንደ ልብ ነው፣ ሜዳውም ከቤታችን አጥር ሥር ይጀምራል። ሜዳ ስላችሁ ለጥ ያለ ሜዳ እንዳይመስላችሁ። ከላይኛው ጎል ወደ ታችኛው ለሚያጠቃ መንሸራተቻ፣ ከታች ወደ ላይ ለሚያጠቃ ደግሞ የእንጦጦ አቀበት ነበር። ከታችኛው ጎል ጀርባ መረብ የለም፤ ገደል ነው ያለው፣ ከገደሉ ሥር ደግሞ ወንዝ። ዛሬም ቢሆን እርጥብ አፈርና ባህር ዛፍ አንድ ላይ ሲሸተኝ እግሬ ሳላዘው የሆነ ነገር መለጋት ያምረዋል።

በዚያ በኩል ጎል በገባ ቁጥር ታዲያ ኳሷ ገደል ትገባለች። እሷን የሚያወጣልን የቤታችን ውሻ መብረቅ ነበር፤ ቀጭን፣ ዳማ፣ አንድ ጆሮው የቆመ አንዱ የተኛ። አባቴ ያሳደገው ማታ ማታ ከእንጦጦ የሚወርደውን ጅብ እንዲያባርር ነው፤ እሱ ግን ራሱን የቡድናችን አሥራ ሁለተኛ ተጫዋች አድርጎ ሾመ። «ጎ—ል!» ብለን ስንጮህ የተኛው ጆሮው ይቆማል፣ ገደሉን ቁልቁል ይወነጨፋል፣ የካልሲ ኳሳችንን በአፉ ይዞ ይመለሳል፣ ቁራሽ ዳቦውን ይቀበላል። ፍጥነቱን ሳወራ አላጋንንም፤ አንዳንዴ ኳሷ ከመለጋቷ በፊት ይዟት ይመለስ ነበር።

አንድ የሐምሌ ከሰዓት እንደ ልማዳችን ጎል ገባ፣ ጮህን፣ መብረቅ ተወነጨፈ። ኳሷ ድንጋይ መታችና አቅጣጫ ቀየረች። መብረቅም አብሯት ታጠፈ። የኋላ ቀኝ እግሩ ግን ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር፤ ሰውነቱ ዞረ፣ እግሩ አልዞረም። ያሰማውን ጩኸት ጳውሎስ ሆስፒታል ድረስ ሰምተውታል ቢሏችሁ እመኑ። ኳሷን ትቶ በሦስት እግሩ እየነጠረ ወደ እኛ ሲመጣ ሁላችንም ባለንበት ደርቀን ቀረን። መብረቅ ኳስ ጥሎ ሲመለስ አይተን አናውቅማ!

ቡድናችን ወጌሻ ነበረው፤ ሸረፋ ይባላል፣ የባለሱቁ የጋሽ ሙዘሚል ልጅ። ለወጌሻነት የበቃው ሱቃቸው ውስጥ ቫዝሊን ስላለ ነው። ችግሩ ሸረፋ በሃይማኖቱ ውሻ አይነካም። ስለዚህ ራቅ ብሎ ቆሞ ሕክምናውን በትእዛዝ ይሰጥ ጀመር። «ጉልበቱን ያዝ! ቀስ በል! ጉልበቱን እኮ ነው ያልኩህ፣ ጭራው ላይ ምን ትሠራለህ አንተ!» እኔ እቀባለሁ፣ መብረቅ ይልሳል፤ እኔ እቀባለሁ፣ መብረቅ ይልሳል። ቫዝሊኑ ሲያልቅ ሸረፋ ኮስተር ብሎ «በቃ፣ አሁን በውስጥም በውጭም ገብቶለታል» አለ።

መድኃኒቱ በውስጥም በውጭም ቢገባም በማግስቱ እግሩ መሬት አልረግጥ አለ። ሲቆም የጣቱን ጫፍ ብቻ ያስነካል፤ ሲቀመጥ እግሩን ማጠፍ ትቶ እንደ ሰነፍ ተማሪ ወደ ጎን ይዘረጋዋል። አባቴ በረንዳ ላይ ሆኖ ይህን ሲያይ ሰነበተና አንድ ቀን ጠራኝ። «ስማ፣ ይሄ ውሻ የተገዛው ለጅብ ነው። በሦስት እግሩ ከቆመ የጅብ እራት እንጂ ዘበኛ አይሆንም። ለእንቁጣጣሽ በአራት እግሩ ካልቆመ ሱሉልታ አጎትህ ጋ ይሄዳል፣ አበቃ!» ያን ጊዜ ሱሉልታ ጅብ እንደ ሰፈር ሰው ሰላምታ እየሰጠ የሚያልፍባት አገር ነበረች። ለሚያነክስ ውሻ ሱሉልታ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። የዚያን ዕለት እራት አልበላሁም። እኔ! የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይገባቸዋል።

እንደ ዕድል ሆኖ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነቡ ላም ታማ የእንስሳት ሐኪም መጣ፤ ዶክተር ታደሰ የሚባል መቃ የመሰለ ረጅም ሰው። ከበረት ሲወጣ እኔና ሸረፋ በሩ ላይ ጠብቀን መንገዱን ዘጋንበት። ሳቀ፣ ግን ተከተለን። ጭቃው ላይ ተንበርክኮ በአንድ እጁ የመብረቅን ታፋ፣ በሌላው ቅልጥሙን ያዘና በቀስታ ወደ ፊት ገፋ አደረገው። «ታያላችሁ? መንቀሳቀስ የሌለበት ቦታ ይንቀሳቀሳል» አለን። ጉልበት ውስጥ አጥንትን ከአጥንት የሚያስር ጅማት አለ፤ የመብረቅ ጅማት ገሚሱ ተበጥሷል። በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ልም አጥንትም ተጎድቷል። «ኳስ ተጫዋቾች በድንገት ሲታጠፉ የሚደርስባቸው እኮ ነው!» ሲለን በሐዘናችን መካከል ደረታችን ተነፋ። የእኛ ውሻ የትልልቅ ተጫዋቾችን ጉዳት ተጎዳ! ሸረፋ ይህን ወሬ ለሰፈሩ ለማዳረስ ቸኩሎ መቆም አቃተው።

ሕክምናው ግን ከበሽታው የባሰ ነበር፤ ዕረፍት። ጳጉሜ እስኪገባ መታሰር፣ ለሽንት ብቻ በገመድ ቀስ እያሉ መውጣት፣ መሮጥና መዝለል ፈጽሞ ክልክል። መወፈርም ክልክል። ቫዝሊን መላስም ክልክል፤ ይህን ሲል ሸረፋን ገላመጠው። ለእብጠቱ ቀዝቃዛ ነገር ያዙበት አለን። ማን ፍሪጅ አለውና! ግን ጉለሌ ነውና በረዶ ከሰማይ በነፃ ይወርዳል፤ በረዶ በጣለ ቁጥር እናቴን ሳፋ ነጥቀን፣ አናታችን እየተቀጠቀጠ፣ ለመብረቅ ጉልበት በረዶ እንለቅማለን። «ቀላል ውሻ ስለሆነ የቀረችው ክር ልትይዝለት ትችላለች» አለ ዶክተሩ ሲሰናበተን፤ «አንዴ ከሮጠ ግን አለቀ። ዕድሜ ልኩን ያነክሳል።»

ገና በሩን ከመውጣቱ፣ ኳስ ጨዋታ የከፈተ የጎረቤት ራዲዮ «ጎ—ል!» ብሎ አንባረቀ። መብረቅ በሦስት እግሩ ተወነጨፈ፣ ገመዱ አንገቱን ያዘው፣ ተፈነገለ፣ እየጮኸ ተነሣ። ዶክተሩ ተመልሶ ጉልበቱን ዳሰሰና «ለዛሬ ተርፏል» አለ። እኔና ሸረፋ ተያየን። መብረቅ እንዲድን አንዲት ቃል ከሰፈሩ መጥፋት ነበረባት።

በዚያ ክረምት ጉለሌ ውስጥ «ጎል» ማለት ከስድብ የከፋ ነውር ሆነ። እናቴ ማማሰያ ይዛ አጥር ለአጥር ትዞራለች። ባለራዲዮው ጎረቤታችን ድምፁን ቀንሶ፣ ጆሮውን ከራዲዮው አጣብቆ እንደ ሰላይ ያዳምጣል። መጫወቱን ግን አልተውንም፤ ኳስ ካልተጫወትንማ እኛም ታሰርን ማለት ነው። ጎል ሲገባ ሁለት እጅ ወደ ላይ ይወጣል፣ አፍ ይዘጋል። ጠብ ሳይቀር በሹክሹክታ ሆነ። «አንተ ሌባ፣ በእጅህ ነክተሃል» የሚለውን ሰው ጆሮ ሥር ገብተው ሹክ ሲሉት የፍቅር ቃል ይመስላል። መብረቅ የታሰረበት ጥግ ተቀምጦ የእግራችንን ኮቴ ብቻ ያዳምጣል፤ አንዳች ነገር እንደተደበቀበት ጠርጥሮ ነበር መሰለኝ፣ ፊታችንን እያፈራረቀ ያየናል።

እንዲህ እያልን የፍልሰታ ፍቺ ሰሞን ደረሰ። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ከሽሮ ሜዳ ልጆች ጋር እንገጥማለን። ዋንጫው የተጨረማመተ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነው፤ እሱን ለመውሰድ ግን ያልተነቀለ የእግር ጥፍር የለም። ሌላ ሜዳ የለንም። መብረቅን ለዚያ ቀን ለማራቅ ብለን እትዬ ዘነቡ በረት አስገብተን ብንሞክረው፣ በሩን ሊዘል ሲል በጭንቅ ይዘን መለስነው። ጨዋታው ይቅር ካልን ደግሞ ዋንጫው በፎርፌ የእነሱ ነው። በፎርፌ! ለሽሮ ሜዳ! ስለዚህ እኔና ሸረፋ ለሽምግልና ወጣን።

የሽሮ ሜዳ አምበል ቶማስ የሸማኔ ልጅ ነው። ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ሲሸምን አገኘነው። እግሩ እንዲያ የፈጠነው የሽመናውን እቃ ሲረግጥ ስለሚውል ነው ብለን እናምን ነበር። እጁን ሳያቆም አዳመጠን። ስንጨርስ «በዝምታ?» አለ። «በዝምታ» አልን። «አሃ፣ ስትሸነፉ ሰው እንዳይሰማባችሁ ነዋ!» አባቱ ሳይቀሩ ሳቁ። ሸረፋ ተቆጣ፤ «ማን እንደሚሸነፍ ሜዳ ላይ እንተያያለን፤ አሁን የምናወራው ስለ በሽተኛ ነው!» ቶማስ ሥራውን አቆመና ተነሣ፤ «እስቲ በሽተኛውን አሳዩኝ።» እቤት ደርሶ መብረቅ ፊት ቁጢጥ አለ። ያችን ወደ ጎን የተዘረጋች እግር ብዙ አያት። መብረቅ እጁን ላሰው። «እና እኔ ጎል ሳገባ ምን ልሁን?» አለኝ ቶማስ። «ወደ ውስጥ ትጮሃለህ» አልኩት።

የዚያን እሑድ ጨዋታ ዓለም አይታው አታውቅም። ዊንጌት የሚማር ጎረምሳ ዳኛችን ነበር፤ ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ ነጭ መሐረብ ያውለበልባል። የሽሮ ሜዳ ደጋፊዎች በጋቢ፣ የእኛዎቹ በነጠላ አፋቸውን ሸፍነዋል። ዝምታው ከመክበዱ የተነሣ ሣር ሲያድግ ይሰማ ነበር። በዚያ የሚያልፉ ሁለት ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡና «ነፍስ ይማር፣ ማን ነው የሞተው?» ብለው ጠየቁ። አንዲት መንገደኛ ሴትዮ ደግሞ ያን ሁሉ አፉን የሸፈነ ሕዝብ አይታ፣ እጇን አናቷ ላይ ጭና «ወይ—» ብላ ልትጀምር ስትል እትዬ ዘነቡ ዘለው በነጠላቸው አፈኗት። «አንቺ! የሞተ የለም፣ ውሻ ታሞ ነው!» ሴትዮዋ በትክክል የደነገጠችው ይህን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ እኔ አገባሁ። አዎ፣ እኔ! ኳሷ አፍንጫህን መትታህ ነው የገባችው የሚሉ አሉ፤ ቅናት ነው። ጓደኞቼ በዝምታ ላዬ ላይ ተከመሩ፤ የሚሰማው የጎድን አጥንቴ ብቻ ነበር። ከዚያ ሽሮ ሜዳ አቻ አደረገ። ሊያልቅ ሲል ቶማስ ኳሷን መሐል ሜዳ ላይ ተቀበለ። አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ ኳሷን በእግሮቼ መካከል ሰዶ እኔን አለፈኝ፣ በረኛችንን መሬት ላይ አስቀመጠና ታችኛው ጎል ውስጥ ከተታት። እንዲህ ያለ ጎል ከዚያ ወዲህ በቴሌቪዥንም አላየሁ!

የቶማስ አፍ ተከፈተ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። እኔ ዞሬ አጥራችንን አየሁ፤ መብረቅ የተኛው ጆሮው ቆሟል፣ እናቴ በሁለት እጇ አቅፋዋለች፣ አባቴ ከኋላዋ ትንፋሹን ይዞ ቆሟል። ቶማስም አየ። የሹራቡን አንገት ጎትቶ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀና፣ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ፣ ኳሷን ተከትሎ ገደሉን ቁልቁል ሮጠ። ከኋላው የሽሮ ሜዳ ሕዝብ ይዘላል፤ ጋቢ ወደ ሰማይ ይወረወራል፣ ሰው ከሰው ይተቃቀፋል፣ አንድም ድምፅ የለም። ቶማስ በወንዝ ውሃ ርሶ፣ ኳሷን ይዞ ከገደሉ ሲወጣ የመብረቅ ጆሮ ተመልሶ ተኝቶ ነበር። ተሸነፍን። ተሸንፈን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎን አያውቅም።

በጳጉሜ ዶክተር ታደሰ መጥቶ ጉልበቱን ገፋ አደረገው፤ አልንቀሳቀስ አለ። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ገመዱን ስፈታለት መብረቅ ተንጠራራና በአራት እግሩ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ ግቢውን ዞረው። አባቴ አይቶ አይቶ «በሉ ሱሉልታ ቀርቷል፤ ለሽሮ ሜዳ ሰው ምን ብዬ ላስረዳ!» አለ። መብረቅ ከዚያ በኋላ ኳስ አልነካም፤ በብርድ ጠዋት እግሩ ገተር ይልበት ነበር። ጅብ ግን እስኪያረጅ ድረስ አባረረ።

ዛሬ ሜዳችን ላይ ፎቅ ቆሟል። ውሾችም ዘመናቸው ሠልጥኗል፤ በቅርቡ የአንድ ጎረቤቴ ውሻ የዚያኑ ዓይነት ጉዳት ደርሶበት ራጅ ተነሣ፣ ጉልበቱ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ቁስሉን እንዳይልስ አንገቱ ላይ የፕላስቲክ ቀፎ አጥልቆ መጣ። ዳነም፤ ደስ ይላል። ግን እሱ ታሞ ሲያቃስት ከጎኑ ካለው ቤት ሙዚቃው ግድግዳ ያንቀጠቅጥ ነበር። ባለሙዚቃውን ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ከግድግዳው ማዶ ውሻ መኖሩን ማን ነግሮት?

ባለፈው ሰሞን ከጳውሎስ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ደጋግሞ ያየኛል። ቶማስ! ጎረምሳ ሳለን ለሥራ ሐዋሳ ሄዶ ከዚያ ወዲህ ተያይተን አናውቅም። ተሳሳምን፣ ተቃቀፍን። ስለ ልጅ፣ ስለ ጤና ሳይጠይቀኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ውሻው... አሁን የለም አይደል?» አለኝ።

«ኧረ ከሞተ ስንት ዘመኑ! በእርጅና ነው የሞተው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ነኝ የቀበርኩት!»

ራሱን ነቀነቀ። ቦርሳውን ጭኔ ላይ አስቀመጠ። ደረቱ እስኪወጠር አየር ሳበና «ጎ————ል!» ብሎ ለቀቀው።

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ረዳቱ በበሩ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ተሳፋሪው በሙሉ ስልኩን አውጥቶ «ማን አገባ? ማን ከማን ነው?» እያለ ይነካካ ጀመር። ቶማስ እየሳቀ እንባውን ስለሚጠርግ መልሱ ለእኔ ተረፈ።

«ሽሮ ሜዳ!» ብዬ ጮህኩ። «ሁለት ለአንድ!»