ያጠረ ጅማት

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ በአንድ እግሬ ቆሜ መቀመጫ ፈለግሁ። የእስር ቤቱ ክፍል በሰው ተፋፍጓል። በምርመራ ወቅት ግራ እግሬን አጥፈው ለሳምንታት ስላሰሩት ጉልበቴ አልዘረጋ ብሏል።

«ና ልጄ» ብለው አንድ ሸምገል ያሉ ሰው የግድግዳውን ጥግ ለቀቁልኝ። እዚያ ቤት ግድግዳ መደገፍ ሀብት ነው። ወጌሻ ነበሩ፤ የታሰሩትም የሸፈተ ሰው ስብራት ጠግነው ነው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ያሹኝ ጀመር። የውስጠኛው ጅማት አጥሯል፣ የውጭኛው ላልቷል። ያጠረውን ትንሽ ይስቡና ያስዘረጉኛል፣ ያሳጥፉኛል፤ ከዚያ በአውራ ጣታቸው ሁለቱን ጎን ያመዛዝናሉ።

«አንዴ ጎትተው ይገላግሉኝ» አልኳቸው።

«የት ልትሄድ? ከበጠስኩት አልመልሰውም።»

አንድ ከሰዓት ጠባቂው ጠራቸው። «ዕቃህን ይዘህ ውጣ።» ፊቱን አይተን ወዴት እንደሚወስዷቸው ገባን። እሳቸው የጋቢያቸውን ጠርዝ ቀደው ጉልበቴን ማሰር ጀመሩ። ጠባቂው ጮኸ።

«ቆየኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አሉት።

ጨርሰው ጥብቀቱን በጣታቸው ፈተሹ። «ከወጣህ ለባለቤቴ ንገርልኝ። አታስጠብቃት» ብለው ሰፈራቸውን ነገሩኝ። ሳይመሽ ጋቢያቸው ብቻ ተመልሶ ተወረወረልን።

ከጊዜ በኋላ እኔ ተፈታሁ። ባለቤታቸው ጋ ግን አልሄድኩም። ፈርቼ ነው፤ ለራሴ ግን ጉልበቴን አመካኘሁ። ከዚያ አገር ጥዬ ወጣሁ።

የእኛ ሚሊኒየም በገባበት ዓመት፣ በስደት በምኖርባት ሪቻርድሰን ከተማ ውስጥ፣ ሐኪሙ ጉልበቴን እንዴት እንደሚቀይር ሲያስረዳ ልጄ ታስተረጉምልኝ ነበር።

«አባዬ፣ ሶ፣ አጥንቱን ብቻ ሪፕሌስ ማድረግ አይበቃም። ታይት የሆነውን ጅማት ትንሽ ትንሽ ሪሊዝ ያደርጋል፣ ከዛ ቼክ ያደርጋል፣ ሁለቱም ሳይድ እኩል እስኪሆን። ብዙ ከቆረጠ፣ ማለቴ፣ አይመለስም።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

«እንዴት?»

እስከዚያ ቀን ኳስ ስጫወት ተጎዳሁ እላት ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ሐኪሙ ምንም ሳይገባው ጠበቀን።

«ሶ፣ ሚስቱ ጋ ኮል አደረግክ?» አለችኝ።

አላደረግኩም አልኳት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበቴን ሳላመካኝ።

ዛሬ ያለ ከዘራ እሄዳለሁ። የወጌሻው ባለቤት በሕይወት ካሉ አርጅተዋል። የባላቸውን ሞት ያረዳቸው ስለሌለ ድንኳን አልተጣለም፣ ለቅሶ አልተቀመጡም። ሰውዬውን የገደሉት ሌሎች ናቸው። ሚስታቸውን እርማቸውን እንዳያወጡ ያደረግኋቸው ግን እኔ ነኝ።